በፈረቃ የሚለበስ ማሊያ

ጎፋ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኤልያቄም፣

ሰላምታዬ ከዚህ እስከ ሚዛን ተፈሪ ባለው መንገድ ሁሉ ሳይጉላላ ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው። ጉልበቴ ከአምናው አልባሰበትም። የላክኸው ማር ደርሶኛል፤ ክዳኑን ስላላጠበቅከው ግማሹ የአውቶቡሱ ወለል ላይ ቀርቷል።

ለምን እንደማልደውልልህ ጠይቀኸኛል። ስልክ ላይ የተባለ ነገር ባለቤት የለውም። ዛሬ ያልኩህን ነገ «አላልኩም» ብል በምን ትይዘኛለህ? ሃያ ዓመት የስፖርት ልብስ ስሸጥ ያልተጻፈ ነገር አምኜ አላውቅም፤ ላንተ ስል ልማዴን አልቀይርም። ደብዳቤውን ለአውቶቡሱ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ አንተም በእሱ መልስልኝ።

ስለ ኮሌጁ ሴቶች ቡድን፦ አንተ ጥር ላይ ትተሃቸው ከሄድክ ወዲህ አሠልጣኝ አልተቀጠረላቸውም። የወንዶቹ አሠልጣኝ የራሱን ልምምድ ሲጨርስ የተረፈችውን ግማሽ ሰዓት ይሰጣቸዋል። ከመካከላቸው ስምንቱ በኳሱ ምክንያት ያለ ክፍያ መማራቸው እስካሁን አልተነካም። ዲኑ አቶ ዳኜ «ቡድኑ እስካለ ድረስ ይማራሉ» ብለዋል። ቡድኑ ከሌለ ምን እንደሚሆን አልተናገሩም፤ መናገርም አያስፈልጋቸውም።

አደራ ያልከኝ ቀመሪያ እኔው ግቢ፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ናት። አምበልም በረኛም እንደሆነች ናት። ትበላለች፣ ታጠናለች፣ ማሊያ ታጥባለች። ትንሽ ሳል ብጤ ይዟታል፤ የሚያሳስብ አይደለም።

ማሊያው አንተ እያለህ እንደነበረው ነው። ወንዶቹ ቅዳሜ ለብሰውት ይጫወታሉ። አምበላቸው ኢፋ ሻንጣውን እኛ ግቢ ያደርሰዋል። ቀመሪያ አጥባ ታሰጣዋለች፣ እሁድ ሴቶቹ ይለብሱታል። ከደረቀ ደርቆ፣ ካልደረቀ እንዳለ። የአንድ ቡድን አንድ ሙሉ ማሊያ ለሁለት ቡድን እንዴት እንደሆነ ደግመህ ጠይቀኸኛል። በመስከረም የነገርኩህን ነው ዛሬም የምነግርህ። ኮሌጁ አንድ ገዛ፣ እኔ አንድ ሸጥኩ።

እህትህ ጸሐይወርቅ

ከማስታወሻ ደብተሬ፣ በዚያው ቀን

ስለ ማሊያው ለኤልያቄም ውሸት አልጻፍኩም። ኮሌጁ የገዛው አንድ ነው። የጠየቀው ግን ሁለት ነበር፤ አንድ ለወንዶች፣ አንድ ለሴቶች።

ያን ሳምንት ጨርቅ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። በእጄ ያለው ለአንድ ሙሉ ብቻ ይበቃል። ከሦስት ሱቅ የዋጋ ፕሮፎርማ አምጪ ሲሉኝ፣ ሁላችንም እንደምናደርገው፣ ሁለቱን ከጎረቤት ሱቆች ባዶውን ማህተም አስመትቼ ራሴ ሞላኋቸው። በእነሱ ላይ ሁለት ሁለት ሙሉ ጻፍኩ። በራሴ ላይ አንድ ሙሉ ጻፍኩና ከታች፣ «ማስታወሻ» በሚለው ቦታ፣ «ለሁለቱም ቡድን በፈረቃ ያገለግላል» አልኩ። ርካሹ የእኔው ሆነ፤ አሸነፍኩ።

ዕቃ ስሸጥ አንድ ደንብ አለኝ። ጉድለቱን የጠየቀኝን ሰው እነግረዋለሁ፤ ያልጠየቀኝን አልነግረውም። ኤልያቄም «ስንት ጠየቁ?» አላለኝም።

የቀመሪያ ሳል ሳንባ ምች ነው ተብሏል። ጤና ጣቢያ መርፌ ታዞላታል። ይህንንም አልጻፍኩም።

ሚዛን ተፈሪ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

እንዴት ነሽ? እኔ የዚህን አገር ዝናብ ለመቁጠር ሞክሬ ተውኩት፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። እዚህ የማሠለጥናቸው ልጆች ጎበዞች ናቸው። ጭቃ ላይ ስለተወለዱ ደረቅ ሜዳ ሲያገኙ ይወድቃሉ። የማሩን ነገር ሹፌሩ ነግሮኛል። «እህትህ ክዳን ማጥበቅ ይማር ብላሃለች፤ እኔ ግን ወለሌ ጣፍጦኛል» አለኝ።

እታለም፣ «ሳል ብጤ» ያልሽውን አነበብኩ። ከቡድኑ ልጆች አንዷ ሳንባ ምች እንደሆነ ጽፋልኛለች። ለምን ደበቅሽኝ? አደራ የሰጠሁሽ እኮ ዕቃ አይደለም። በረኛዋ ከሁሉም የባሰ እንደምትጎዳ ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የሸጥሽው አንቺ ነሽ። የበረኛው ማሊያ ክርኑ ላይ ስፖንጅ አለው። ሌላው ሲደርቅ እሱ ውኃ እንዳቋጠረ ነው። ለወንድ በረኛ የተሰፋ ስለሆነ እጁን ሁለቴ አጥፋ ነው የምትለብሰው፤ ስለዚህ ስፖንጁ እጥፍ ሆኖ ክንዷ ላይ ይተኛል።

ከዚያ ኮሌጅ ያስወጣኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ታኅሣሥ ላይ ለሴቶቹ ማሊያ ይገዛ ብዬ ስጠይቅ ዳኜ ከአንድ ወረቀት ላይ አነበበልኝ፦ «ለሁለቱም ቡድን በፈረቃ ያገለግላል»። ተከራከርኩ፣ ተጣላን፣ ወጣሁ። ያን መስመር የጻፈ ሰው እግር ኳስ አይቶ አያውቅም። አይቶም ከሆነ፣ ጧት አንድ ሰዓት ላይ እርጥብ ማሊያ ለብሶ ፉሪ ሜዳ ላይ ቆሞ አያውቅም።

አንቺ ነጋዴ ነሽ፤ ዳኜ ይሰማሻል። ሄደሽ አናግሪው።

ወንድምሽ ኤልያቄም

ጎፋ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤልያቄም፣

የጾሙ ማለቂያ በጤና ያድርስህ። ስለ ቀመሪያ በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የደበቅኩህ ከሚዛን ሆነህ ልታደርገው የምትችለው ነገር ስለሌለ ነው። መርፌዋን ጨርሳለች፣ ሳሉም ለቋታል። ለመድኃኒቱ ማን እንደከፈለ አትጠይቀኝ፤ አይመለከትህም።

ሌላው ዜና ጥሩ አይደለም፤ አሳጥሬ ልጻፍልህ። መጋቢት 27፣ ቅዳሜ፣ መካኒሳ ያለው የወንዶቹ ሜዳ በዝናብ ተሞላና ጨዋታቸው ወደ እሁድ ተዛወረ። ሴቶቹ ፉሪ በሚጫወቱበት ሰዓት ማለት ነው። ኢፋ ጧት መጥቶ ሻንጣውን ወሰደ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ «ማዘር፣ ይቅርታ፣ ታዝዤ ነው» አለኝ። ሴቶቹ በየቤታቸው ያለውን ቲሸርት ለብሰው ሄዱ። ዳኛው «ቁጥር የሌለው ተጫዋች የለም» ብሎ መለሳቸው። ፎርፌ፤ ሦስት ለባዶ።

የሊጉ ደንብ እንደነገርከኝ ነው። በአንድ ዓመት ሁለት ፎርፌ ያስመዘገበ ቡድን ይሰረዛል። አንዱ ተመዝግቧል። ግንቦት 9፣ ቅዳሜ፣ ሁለቱም ቡድኖች በተመሳሳይ ሰዓት ጨዋታ አለባቸው፤ ወንዶቹ መካኒሳ፣ ሴቶቹ ፉሪ። ይህ የዝናብ ነገር አይደለም፣ ከመጀመሪያው በፕሮግራሙ ላይ የታተመ ነው።

እንዳልከኝ አቶ ዳኜን አናግሬያቸዋለሁ። በትሕትና ተቀበሉኝ፣ ወንበርም ሰጡኝ። «ወይዘሮ ጸሐይወርቅ፣ ግዥ በአንድ ቀን አይሆንም። ሦስት ፕሮፎርማ አለ፣ ኮሚቴ አለ፣ በጀት ደግሞ የሚመጣው ዓመት ነው» አሉኝ። «ታዲያ ግንቦት 9 ማን ይለብሳል?» ብላቸው «ወንዶቹ ለዋንጫ እየተጫወቱ እኮ ነው» አሉ። ይህ መልስ ነው።

«የሴቶቹ ቡድን ቢሰረዝስ?»

«የሚያሳዝን ነው» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ግን ከጫንቃቸው አንድ ኩንታል የወረደላቸው ሰው እፎይታ አየሁ።

ጸሐይወርቅ

ከማስታወሻ ደብተሬ፣ ሚያዝያ 3

ኮሌጁ ስሄድ ስለ ወረቀቱ ላነሳ አስቤ ነበር። አላነሳሁም። አቶ ዳኜ ስለ ሦስት ፕሮፎርማ ሲያወሩ ዓይኔን ከመስኮቱ አላነሳሁም።

ቀመሪያ አባቷ ከወራቤ እንደደወለላት ነገረችኝ። «ኳሱ ካበቃ ትምህርቱም ያበቃል፤ ሰኔ ላይ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብሏታል። ይህን ስትነግረኝ ካልሲ እያጠበች ነበር። አላለቀሰችም። ካልሲውን አንድ በአንድ ጨምቃ ሰጣችው።

ሚዛን ተፈሪ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

እንኳን አደረሰሽ። በዓሉን ከልጆቼ ጋር ዋልኩ፤ የአንዱ እናት የላከችልን ዶሮ ለአሥራ ስምንት ሰው ደረሰ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ራስሽ አንድ ሙሉ ሰፍተሽ ለምን አትሰጫቸውም ብዬ ላስቸግርሽ አስቤ ነበር፤ እስቲ አስቢበት። ዋናው ግን ይህ ነው፦ ዳኜን ልከስሰው ወስኛለሁ። ለሊጉም ለኮሌጁ ባለቤቶችም እጽፋለሁ። ያን መስመር የጻፈው እሱ ነው። ሴቶቹን ሆን ብሎ ለማጥፋት ነው ከመጀመሪያው አንድ ሙሉ ያዘዘው። በስሙ እጽፈዋለሁ፤ አልፈራውም።

ለክሱ ማስረጃ ያስፈልገኛል። ሽያጩን ያካሄድሽው አንቺ ስለሆንሽ ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። ኮሌጁ መጀመሪያ ሲጠይቅ ስንት ሙሉ ነበር ያለው? ያ መስመር ያለበትን ወረቀት በዓይንሽ አይተሽዋል? የማን እጅ ጽሑፍ ነው?

መልስሽን በሚቀጥለው አውቶቡስ ላኪልኝ።

ወንድምሽ

ጎፋ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤልያቄም፣

በሚቀጥለው አውቶቡስ ብለኸኝ ነበር። አንድ አውቶቡስ አሳልፌያለሁ። ሹፌሩ «ደብዳቤ የለም?» ሲለኝ «የለም» አልኩት፤ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሦስት ነገር ጠይቀኸኛል፤ በቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ኮሌጁ የጠየቀው ሁለት ሙሉ ነው። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። እጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

ጨርቅ አልነበረኝም። ደንበኛውን ለተፎካካሪዬ ለዋቅጅራ ሱቅ አሳልፌ መስጠት አልፈለግኩም። አንድ ሙሉ ብቻ የሚለው ዋጋ እንዲያሸንፍ ሦስቱንም ፕሮፎርማ ራሴ ሞላሁ። ያ መስመር ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀብኝም። በተለያየ ቀን ይጫወታሉ፣ ይበቃቸዋል ብዬ ነበር። መታጠቡን አላሰብኩም፤ መድረቁንም አላሰብኩም። ሃያ ዓመት ማሊያ ሸጬ፣ ከተሸጠ በኋላ ምን እንደሚሆን ያየሁት ዘንድሮ፣ ግቢዬ ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነው።

አቶ ዳኜ ጥፋታቸው ርካሹን መምረጣቸው ነው። እሱን ሁሉም ሰው ያደርገዋል። ሆን ብለው አንድ አላዘዙም። ስለዚህ ክስህን አትላክ፤ ያልሠሩትን ሥራ በስማቸው ከጻፍክ የሚዋረደው የአንተ ስም ነው።

ራስሽ ሰፍተሽ ስጫቸው ላልከው፦ ጨርቅ አሁን አለኝ፣ መስፋትም እችላለሁ። ሳላስብበት አልቀረሁም። ግን እኔ ካለበስኳቸው የኮሌጁ ቡድን መሆናቸው ይቀርና የእኔ ሱቅ ቡድን ይሆናሉ። አቶ ዳኜም «የሴቶቹን ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ችላዋለች» ብለው ፋይሉን ይዘጋሉ። እኔ የታመምኩ ወይም የሰለቸኝ ዓመት ደግሞ ያልቅላቸዋል። ማሊያውን መግዛት ያለበት ኮሌጁ ነው። እንዴት እንደሚገዛ ገና አላውቅም።

በዚህ መስመር ከዲኑ ጋር እንደተጣላህ ከታኅሣሥ ጀምሮ አውቃለሁ። ያኔ ልነግርህ ይገባ ነበር። ይቅርታ የሚለውን ቃል እዚህ ላይ የምጽፈው ይበቃል ብዬ አይደለም፤ ሳይጻፍ እንዳይቀር ነው።

ጸሐይወርቅ

ሚዛን ተፈሪ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ጸሐይወርቅ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ክሱን ቀድጄዋለሁ።

የምጽፍልዎ ሌላ ነገር ለጊዜው የለኝም። ጨዋታው የፊታችን ቅዳሜ ነው።

ኤልያቄም

ከማስታወሻ ደብተሬ፣ ግንቦት 8፣ ዓርብ

እርስዎ ብሎ ጻፈልኝ። በሕይወቱ የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

ዛሬ ቀትር ላይ ማሊያው ደርቆ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ወጥቷል። ቀመሪያ ስታጣጥፍ ከጎኗ ቁጭ አልኩና ማስታወሻውን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። እጇን አላቆመችም።

«አውቃለሁ እኮ እትዬ» አለችኝ። «ጥቅምት ላይ ዲኑ ፎቶ ኮፒውን አሳይተውናል። እጅ ጽሑፉን እዚያው ነው ያወቅኩት።»

«በምን አወቅሽው?»

በአገጯ ወደ ውኃው ሮቶ አመለከተች። ሮቶው ላይ የግቢው ተከራዮች በየትኛው ቀን እንደሚቀዱ የሚገልጽ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ርእሱ «የውኃ አቀዳድ በፈረቃ» ይላል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«የት ልደር?» አለች። አንዱን ማሊያ አጣጥፋ ደግሞ «ቢሆንም የእርስዎ ፈረቃ ይሻላል» አለችኝ። «እዚህ ግቢ ማክሰኞ የእኔ ከሆነ የእኔ ነው። አንዴ ያ የታክሲ ሹፌር ተከራይ በእኔ ቀን ሲቀዳ ባልዲውን ደፍተውበታል።»

ደፍቼበታለሁ። እውነት ነው።

ይህን እስክትለኝ ድረስ ነገ የማደርገውን አላውቅም ነበር።

ጎፋ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤልያቄም፣

«ወይዘሮ» ያልክበትን ደብዳቤ ከሌሎቹ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ቅር አላለኝም። ስለ ቅዳሜ ትጠይቀኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ሳትጠይቀኝ እጽፍልሃለሁ። በእኔ ደንብ ይህ አዲስ ነገር ነው።

ሴቶቹ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማሊያውን እኔ ግቢ ለብሰው፣ ሹራብ ደርበውበት፣ በሁለት ታክሲ ወደ ፉሪ ሄዱ። ኢፋ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መጣ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

«ማዘር፣ እንዴት አደርሽ? ሻንጣውን ልውሰድ?»

«ሻንጣው አለ። ማሊያው ፉሪ ሄዷል።»

ሳቀ፤ የቀለድኩ መስሎት ነው። ባዶውን ሻንጣ ሳሳየው መሳቁን ተወ። «ኧረ ማዘር! ዛሬ እኮ ዋንጫውን የሚወስነው ጨዋታ ነው!»

«መጋቢት ላይ ጨዋታችሁ ከሴቶቹ ጋር ሲጋጭ ማን ለበሰው?»

«እኛ።»

«በየሳምንቱስ? ደረቁን ቀድሞ የሚለብሰው ማን ነው?»

«እኛ… ግን እኮ ወንዶቹ ሁሌ ይለብሳሉ።»

«ወረቀቱ በፈረቃ ነው የሚለው። ዛሬ የማን ፈረቃ ነው?»

«ማዘር፣ በእኛ ሰፈር ፈረቃ ማለት ውኃው አልመጣም ማለት ነው» አለኝ።

«እዚህ ግቢ ይመጣል።»

ራሱን ያዘ። «ዲኑ ይሰቅሉኛል!»

«አንተን አይሰቅሉም። ደውልና ጸሐይወርቅ ናት የከለከለችኝ በላቸው። ከዚያ ስልኩን ስጠኝ።»

ደወለ፤ ሰጠኝ። አቶ ዳኜ ገና ከእንቅልፋቸው መነሳታቸው ነበር። መጀመሪያ ጮኹ። ጮኸው እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ከዚያ እንዲህ አልኳቸው፦ «አቶ ዳኜ፣ የመስከረሙን ፋይል ያውጡት። ‹በፈረቃ ያገለግላል› የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሌሎቹን ሁለት ሱቆች ፕሮፎርማም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሦስቱን ጎን ለጎን ቢያስተያዩዋቸው እጅ ጽሑፉ አንድ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እመሰክራለሁ። ነገር ግን ኮሌጁ የገዛው በዚያ ቃል ነው፣ እስከ ዛሬም ሴቶቹን የመለሳቸው በዚያ ቃል ነው። በዚያ ቃል ዛሬ የሴቶቹ ቀን ነው።»

«ይህን በስልክ ነው የሚነግሩኝ?» አሉኝ።

«ጽፌዋለሁ። ፈርሜ ለኢፋ እሰጠዋለሁ» አልኳቸው።

ሰጠሁት። ኢፋ ወረቀቱን እያየ «ማዘር፣ ከዚህ በኋላ ግን ኮሌጁ ካንቺ አንድ ካልሲ አይገዛም» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። «ቢሆንም ያምርብሻል» ብሎኝ እየሮጠ ሄደ። ምን እንደሚያምርብኝ አልነገረኝም።

ጨዋታው የሚጀምረው አራት ሰዓት ነበር። ሦስት ተኩል ሳይሞላ ዋቅጅራ ሱቁን ከፍቶ፣ ለሌላ ቡድን የሰፋውን ሰማያዊ ሙሉ ማሊያ፣ ቁጥሩ እንደታተመበት፣ ለኮሌጁ አስረከበ። ወንዶቹ ያን ለብሰው ተጫወቱ። ለሴቶች ሲሆን ኮሚቴ፣ ሦስት ፕሮፎርማና የሚመጣው ዓመት በጀት ያስፈለገው ግዥ፣ ለወንዶች ሲሆን በአንድ ጧት አለቀ። አሁን ኮሌጁ ሁለት ሙሉ አለው። የድሮው አረንጓዴ ሴቶቹ ዘንድ ቀርቷል፤ እንዲመልሱት የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ሰኞ፣ ማለትም ዛሬ፣ ከኮሌጁ ደብዳቤ ደርሶኛል። ከአቅራቢዎች ዝርዝር ተሰርዣለሁ። ምክንያቱ ትክክል ነው፣ የአማርኛውም አጻጻፍ ጥሩ ነው።

ጸሐይወርቅ

ሚዛን ተፈሪ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

እታለም ያልኩት እጄ ለምዶ ነው፤ አትመኪበት።

ደብዳቤሽን ሹፌሩ ፊት ነው ያነበብኩት። ባልዲ መድፋትሽን ቀመሪያ ጽፋልኝ አስቄው ነበር፤ የቅዳሜውን ሳነብለት ግን አልሳቀም። «እህትህ ኃይለኛ ናት» አለኝ። «ናት፤ ዘግይታ ነው እንጂ» አልኩት። እንዲህ ማለቴ ይታወቅልኝ።

አሁንም ተቀይሜሻለሁ። ታኅሣሥ ላይ ተናግረሽ ቢሆን ኖሮ እዚያው ነበርኩ፤ ልጆቹም ዓመቱን ሙሉ ብርድ ባልጠጡ። ግን እዚህም አሥራ ስምንት ልጆች አሉኝ፤ ጥዬአቸው ወዴት እመለሳለሁ? የኮሌጁ ነገር እንዳለ ይቀመጥ። ቂሜን ስጨርስ እነግርሻለሁ፤ እስከዚያው ግን ደብዳቤ አታቋርጪ።

አራት ገጽ ጽፈሽ ውጤቱን አልጻፍሽልኝም። ስንት ለስንት?

ኤልያቄም

ጎፋ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኤልያቄም፣

ክረምቱ እያለቀ ነው፤ አዲሱ ዓመት ቂምህን ግማሽ አድርጎ ያድርስህ፤ ሙሉውን አልጠይቅም። ማሩ በሙሉ ደርሶኛል፣ ክዳኑን አጥብቀኸዋል። ዝም ያልኩህ ክረምቱን ጉልበቴ ስላስተኛኝ ነው። አሁን ሱቅ እውላለሁ።

ያን ቀን ሴቶቹ ሦስት ለባዶ ተሸነፉ። ያልጻፍኩልህ ረስቼው አይደለም። ፎርፌ ሦስት ለባዶ ነው፣ ሽንፈቱም ሦስት ለባዶ ሆነ። በወረቀት ላይ ልዩነት የላቸውም፤ እኔ ደግሞ ወረቀት የማምን ሰው ነኝ። ስለዚህ ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ቸገረኝ። በኋላ ቀመሪያን ጠየቅኳት። «እንዴት አንድ ይሆናል?» አለችኝ። «አራተኛውን እኮ አወጣሁት!» ከዚያ ግቢው መሐል ተወርውራ እንዴት እንዳወጣችው አሳየችኝ። የታጠበ ልብስ ጎትታ ጣለች፤ አልተቆጣሁም።

በሊጉ ከስምንት ሰባተኛ ወጡ። አልተሰረዙም። አባቷ ሰኔ ላይ ከወራቤ መጥቶ ነበር። በርበሬ ይዞልን መጥቶ ሁለት ቀን አርፎ፣ አንድ ልምምድ አይቶ፣ ብቻውን ተመለሰ። መስከረም ላይ ሁለተኛ ዓመት ትጀምራለች። ለሴቶቹ አሠልጣኝ የሚል ማስታወቂያም ወጥቷል፤ ደመወዙን አላስታውቅህም፣ ያሳፍራል።

አሁን ትናንት የሆነውን ልንገርህ። ኮሌጁ ለአዲሱ ዓመት ግዥ አውጥቷል፤ ሦስት ፕሮፎርማ። ደንበኛው አሁን ዋቅጅራ ነው። እሱም እንደ ደንባችን ለማሟያ የሚሆኑትን ሁለቱን ፍለጋ ወጣና እኔ ሱቅ መጣ። የእኔን ባዶ ፕሮፎርማ ፈልጎ ነው።

«ጸሐይ፣ ማህተምሽን ብቻ ምቺልኝ። ቁጥሩን እኔ እሞላዋለሁ፤ አንቺ አትድከሚ» አለኝ።

«ተሰርዣለሁ እኮ። አይቀበሉትም።»

«ለማሸነፍ አይቀበሉትም፤ ለመሸነፍማ ማን ይከለክልሻል?»

እውነቱን ነው፤ ሳቅኩ። «ባዶ ወረቀት ላይ ግን አልመታም» አልኩት። «ራሴ እሞላዋለሁ።»

«ከእኔ እንዳታሳንሺ ታዲያ!»

«አላሳንስም።»

አላሳነስኩም። ለወንዶች አንድ ሙሉ ጻፍኩ፤ ለሴቶች አንድ ሙሉ፣ በሴት ልክ፣ የበረኛዋ ማሊያ በበረኛዋ ክንድ ልክ ብዬ ጻፍኩ። ዋጋውን እንደማልሸጥ ሰው ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። ከዚያ ከታች፣ «ማስታወሻ» በሚለው ቦታ፣ «ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱ፤ በፈረቃ አይለበስም» ብዬ ጨመርኩ። ዋቅጅራ በትከሻዬ በኩል አጮልቆ አየ።

«ይህ ደግሞ ለምንሽ ነው? ላትሸጪው?»

ለእሱ ሳይሆን ላንተ ልመልሰው። አቶ ዳኜ ወረቀቱን አይተው የማን ጽሑፍ እንደሆነ ያውቃሉ። ጥለውት የዋቅጅራን ይመርጣሉ፤ መምረጥም አለባቸው። ነገር ግን የተሸነፈ ፕሮፎርማም ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። አዲሱ ደግሞ ከአሮጌው በላይ ነው የሚታሰረው። ከእንግዲህ ያን ፋይል የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያነበው የትኛውን ጽሑፌን እንደሆነ አስበው።

ማህተሙን መትቼ ሰጠሁት።

እህትህ ጸሐይወርቅ